የተስፋልደት ዳገት

ሰው ይቅር ሲል ቀለል ይለዋል ይላሉ። እኔ ይቅር ባልኩ በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ሰባት ኪሎ ጨመርኩ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ባለቤቴ ኣረጋሽ ብቻ አትስቅም፤ ሱሪዬን የምታሰፋው እሷ ናትና።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ወልደጊዮርጊስ እባላለሁ፤ ሹፌር ነኝ። ከደብረ ሲና በጭነት መኪና ረዳትነት መጥቼ መቀሌ ከቀረሁ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ነው። ትግርኛዬ እስካሁን ያስቃቸዋል፤ ይሳቁ። የምነዳው የሠራተኛ ሰርቪስ ነው። ጠዋት ጠዋት በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ የሚሠሩትን ከሮማናት አደባባይ ጭኜ ኲሓ አደርሳለሁ፤ ማታ እመልሳለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር።

በዚያ በክፉው ጊዜ እኔም እንደ ሁሉም ሰው ከስቼ ነበር። ያ ክሳት ግን የኔ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ያደረገብኝ ነው። መንገዱ ተከፍቶ ዘይቱም ስኳሩም ሲገባ፣ ሰውነቴ ከእንግዲህ አላምንህም ያለኝ ይመስል የበላሁትን ሁሉ ይዞ ያስቀምጥ ጀመር። በዓመት ውስጥ መቶ ስድስት ኪሎ ደረስኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ጠዋት፣ የስምሪት ኃላፊያችን አቶ ተስፋልደት በግቢው ውስጥ ዘጠኝ ሹፌሮች ቆመው ሳለ ጠራኝ። በአፌ ሁልጊዜ እርስዎ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ነው፤ የምጽፈውም በልቤ እንዳለው ነው።

«ግባና መሪው ጋ ተቀመጥ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። በእጁ የያዘውን ጋዜጣ ሁለት ጊዜ አጠፈና በሆዴና በመሪው መሃል ሊያስገባው ሞከረ። አልገባም። ገፋ አደረገው። ጋዜጣው ተጨማደደ እንጂ አላለፈም።

«አያችሁ?» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ጋዜጣ በማያልፍበት እጅ እንዴት ያልፋል? ይሄ መኪናውን የሚያዞረው በሆዱ ነው።»

ሳቁ። ከሁሉም አስበልጦ የሳቀው ኣንዶም የሚባል ልጅ እግር ሹፌር ነበር፤ ቁልፌን የወሰደውም እሱ ነው። እኔን መለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ጎማ እንድጠብቅ ላኩኝ። በሳምንቱ ሐኪም ስኳር አለብህ፣ በዚህ ስኳር ሰው አትጭንም አለኝ። በመሥሪያ ቤታችን ሹፌር በየዓመቱ ጥር ላይ ይመረመራል፤ ስኳሩ ከልክ ካለፈ ከመሪ ይወርዳል። ሐኪሙም የተናገረው ያንኑ ነው እንግዲህ። ሐኪሙ ግን ጋዜጣ አልያዘም።

መራመድ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። ሲነጋጋ፣ ሰማዩ ግራጫ ሲሆን፣ ከሮማናት ጀርባ ካለው ቤቴ ወጥቼ ወደ እንዳ ኢየሱስ ዳገት። ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ግማሹን አልጨርስም ነበር። ያስጨረሰኝ ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ግን ልጻፈው። መንገዱን በበደሉኝ ሰዎች ከፋፈልኩት። ሜዳው የመምህርት እታፈራሁ ነበር፤ አራተኛ ክፍል ሳለሁ በሰው ፊት «አንተ ለእርፍ እንጂ ለእርሳስ አልተፈጠርክም» ያለችኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቀለል ያለ አቀበት የአማቴ ነው፤ ኣረጋሽን ልጠይቅ ሽማግሌ ስልክ «ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?» ያሉት። ትንፋሽ የሚያሳጣው የመጨረሻው ዳገት የተስፋልደት ነበር። እዚያ ስደርስ ጋዜጣው ሲጨማደድ ይሰማኛል። እግሬ ራሱ ይሮጣል።

ምግቡም ከዚህ አልተለየም። ልጃችን ሩት በሕፃንነቷ የበላችበት አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳህን ነበር፤ እሱን አውጥቼ የኔ ነው አልኩ። በዚያ ላይ የሞላውን እበላለሁ፣ አልደግምም። ሻይ ያለ ስኳር። ኣረጋሽ ሦስት ወር ተቀየመችኝ። ሃያ ዓመት ከአንድ ትሪ በልተን ለብቻዬ መቁረሴ እሷን መሸሽ መሰላት። ጎረቤትም «ከባልሽ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» ብሎ ጠይቋታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሮማናት አጠገብ እመዘናለሁ። አብዱልወዱድ የሚባል፣ የእጅ ሰዓት ማሰሪያ የሚሸጥ፣ ከፊቱ ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው አለ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፤ መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። መቶ ሁለት፣ ዘጠና ስድስት፣ ሰማንያ ስምንት። በመጨረሻ ሰባ ዘጠኝ። አንድም ሰው ግን እንኳን ደስ አለህ አላለኝም። «ወልዱ፣ እንታይ ኮይንካ? ምን ሆንክ? ተመርምረሃል?» ነው የሚሉኝ። በኛ ከተማ የከሳ ሰው ማንም ሊያስታውሰው የማይፈልገውን ያስታውሳል። ሁሉም በማገገም ላይ ሳለ እኔ ወደ ኋላ የምሄድ መሰላቸው። ከዚያኛው ክሳት ይሄኛው እንደሚለይ፣ ይሄኛው የራሴ እንደሆነ፣ ለማን ብዬ ላስረዳ።

በጥር ምርመራውን አለፍኩ። ቁልፌ ተመለሰልኝ። የመመለሻውን ወረቀት የፈረመው ተስፋልደት ነው፤ ቀና ብሎ አላየኝም። በዓመቱ አጋማሽ ጡረታ ወጣ።

ሰባ ዘጠኙን ስምንት ወር ያዝኩት። መቀነሱ ከባድ ነው ይላሉ፤ ውሸት ነው። ሲቀንሱ በየሳምንቱ አዲስ ቁጥር አለ። መጠበቅ ላይ ግን ቁጥሩ ያው ነው፣ ዳገቱ ያው ነው፣ ሳህኑ ያው ነው፤ የሚያይልህም ሰው የለም። እኔን ያቆየኝ ቂሜ ነበር። ቂም አይሰለችም።

እኔና ተስፋልደት አንድ ማኅበር ነን፤ የሚካኤል፣ በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በየተራ ቤት። የተጣላ ሰው ጽዋ አይቀምስም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሳልቀምስ ለጎኔ አሳልፍ ነበር። ማኅበርተኛው ያያል፣ ዝም ይላል። የነፍስ አባታችን ቀሺ ገብረዝጊ ግን ዝም አይሉም። «ወልደጊዮርጊስ፣ ይሄ ጽዋ እስከ መቼ ነው የሚዘልህ?» ይሉኛል። «እሱ ይጠይቀኝ፣ አባ» እላለሁ።

ባለፈው መስከረም ተራው የተስፋልደት ሆነ። ሄድን። ጸሎቱ እንዳለቀ ከጓዳ ወጣ። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። በዓይን መመዘን ለምዶብኛል፤ አራት ኪሎ ቢሆን ነው። ጎንበስ ብሎ ፊቴ ቆመ። በሥራ ላይ ሳለ ደረቱ የሰፋ ሰው ነበር፤ አሁን ኮቱ ትከሻው ላይ የተሰቀለ ይመስላል።

«ወልደጊዮርጊስ፣ በድዬሃለሁ» አለ። «ስለ ሚካኤል ብለህ ማረኝ።»

ዝም አልኩ። እንዲጠብቅ ፈልጌ ነው። በልቤ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፤ አሥራ አምስት ላይ አንገቱ ተንቀጠቀጠ። ቀሺ ገብረዝጊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሃያ ስል ድንጋዩን አነሳሁለት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

እልል ተባለ። ጽዋውን ቀመስኩ። ከዚያ የታረቁት ከአንድ ማዕድ ይብሉ ተባለና ጥሕሎ ቀረበ፤ የገብሱን ድቡልቡል በእንጨት ሹካ እየወጉ ቅቤ የጠጣ የሥጋ ወጥ ውስጥ የሚነክሩት። ተስፋልደት በእጁ አጎረሰኝ። ሦስት ጊዜ። እኔም አጎረስኩት። አረንጓዴ ሳህኔን አምጡልኝ የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ከዚያም ስዋ የሚሉት ጠላ፣ ከዚያም እንደገና። ቤቴ ስመለስ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ኣረጋሽ እንኳ «ፊትህ ተፈታ» ብላኛለች።

በማግስቱ ወጣሁ። የእታፈራሁን ሜዳ አለፍኩ፤ የአማቴን አቀበት አለፍኩ። ዳገቱ ሥር ደረስኩና ጋዜጣውን ጠራሁት። የመጣልኝ ግን የተንቀጠቀጠው አንገት ነው። ሌላ ሞከርኩ፤ የኣንዶምን ሳቅ። በሳቁ ላይ የእልልታው ድምፅ ተደረበበት። እግሬ ከበደኝ። ዳገቱ መሃል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልተቀመጥኩበት። ተቀመጥኩበት። ከዚያ ተመለስኩ።

ሰው አንድ ቀን ቢተው ምን አለበት ይላል። በሳምንቱ ሁለት ቀን ተውኩ፤ በወሩ የምወጣባቸውን ቀናት መቁጠር ቀለለ። ተስፋልደት ደግሞ አልተወኝም። ሚስቱ ሞታለች፣ አንዱ ልጁ ዓዲግራት ነው፣ አንዷ አዲስ አበባ። ቅዳሜ ቅዳሜ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ና ምሳ ብቻዬን አልበላም» ብሎ ይደውላል። ብቻውን የሚበላ ሰው ጋ ሄዶ በሳህኔ ልብላ አይባልም። ጾሙ ሲገባ ቅቤው በዘይት ተተካ እንጂ ትሪው ያው ነው። ከሱ ቤት ስወጣ አብዱልወዱድ ጋ ለመድረስ ይመሽብኛል፤ ወይም የመሸብኝ አስመስላለሁ።

አንድ ቅዳሜ አብዱልወዱድ ራሱ ጠራኝ። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

«ሰማንያ ሦስት» አለ።

«ሚዛንህን ፀሐይ መቶታል።»

«ፀሐይ ሚዛንን አያወፍርም፣ ወልዱ።»

በኅዳር መጨረሻ ሰማንያ ስድስት ሆንኩ። አብዱልወዱድ ቁጥሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ተናገረው። ያ ከመጮሁ የባሰ ነበር።

«ምን አገኘህ?» አለኝ።

«ሰላም አገኘሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ነው እንግዲህ።»

በዚያ ሳምንት ወደ ኲሓ ስነዳ፣ ኩርባው ላይ መሪውን ሳዞር ሆዴን ሲነካኝ ተሰማኝ። ምርመራው ሊደርስ የቀረው አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው። ኣንዶም አሁንም ተጠባባቂ ሹፌር ነው፤ ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ዞሮ ያያታል። እንደገና ጎማ መጠበቅ ማለት ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ከዚያ መጋዘን ሁለተኛ እንደማልወጣ አውቃለሁ።

የቀሩኝን በደሎች ሞከርኩ። መምህርት እታፈራሁ ዛሬ በሕይወት ብትኖር ዘጠና ይሆናታል፤ ዘጠና ዓመት ሴት ላይ ምን ይናደዱበታል። አማቴን እኔው ነኝ ሬሳቸውን የተሸከምኩት። ኣንዶም ላይ ልቆጣ ብዬ ሁለት ቀን ሰላም ነሣሁት፤ እንዳመመኝ ገምቶ ሎሚ አመጣልኝ። ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ፤ አሁን ሳስበው የሚያሳፍር ሐሳብ።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ተስፋልደት ቤት ሄድኩ። ደስ ብሎት ትሪ ሊያወጣ ተነሣ።

«ለመብላት አልመጣሁም» አልኩት። «ይስደቡኝ።»

«ምን አልከኝ?»

«ይስደቡኝ። ያኔ እንደሰደቡኝ አድርገው።»

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ይቅር አላልከኝም ማለት ነው።»

«ብያለሁ። ችግሩ እሱ ነው።»

ነገርኩት። ዳገቱን፣ መንገዱን እንዴት እንደከፋፈልኩት፣ ሰባት ኪሎውን፣ ጥርን። እየሳቀ ይሰማኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ጉልበቱን እያሸ ቆየ።

«ምን ብዬ ነበር የሰደብኩህ?» አለ።

«ጋዜጣውን ነዋ።»

«የቱን ጋዜጣ?»

«በሆዴና በመሪው መሃል ያስገቡትን። ዘጠኝ ሰው ፊት።»

አየኝ። የሚያስመስል ሰው ዓይኑን ይሰብራል፤ እሱ አልሰበረም። «ወልደጊዮርጊስ፣ አላስታውስም» አለ። «አድርጌው ይሆናል። ያኔ ሁሉንም እንዲያ ነበር የምናገረው። ግን አላስታውሰውም።»

«ታዲያ ድንጋዩን ለምን ተሸከሙ?»

«ለቁልፉ። ኣንዶም የሟች ባለቤቴ የእህት ልጅ ነው፤ ይሄን አታውቅም። አንተ ባትወፍርም ቁልፉን ለሱ ልሰጠው ወስኜ ነበር። ውፍረትህ ምክንያት ሆነልኝ። ሌሊት የሚከነክነኝ እሱ ነበር፣ ያወቅህ መስሎኝ።»

ደህና ይዋሉ እንኳ ሳልል ወጣሁ። ሁለት ዓመት ማንም ባላስታወሰው ጋዜጣ ዳገት ወጥቻለሁ። እውነተኛውን በደል ደግሞ ሳላውቀው ይቅር ብዬ፣ ጥሕሎ በልቼበታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዳገቱን ሳልቆም ወጣሁት። አዲስ ነገር ነበረኛ፤ ከጋዜጣው የሚበልጥ። ኣረጋሽን አረንጓዴውን ሳህን አምጪ አልኳት፤ ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዳ አቧራውን ጠርጋ ሰጠችኝ። ሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። ሦስተኛው ቀን ዳገቱ መሃል ላይ ንዴቴ ቀዘቀዘብኝ፤ በቀሪው ጎተትኩት። በአራተኛው ቀን ጭራሽ አልመጣም። ጫማዬን አስሬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። የመጣልኝ ጉልበቱን የሚያሸው ሽማግሌ ነው።

«ወይ ውጣ ወይ በሩን ዝጋ» አለችኝ ኣረጋሽ ከአልጋዋ። «ብርድ ገባ።»

ወጣሁ። ጫማውን አስሬ ስለነበር ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሜዳውን ሄድኩ፤ የማንም ሜዳ አልነበረም። አቀበቱ ላይ አንድ አጥር አለ፣ በለስ ብቻ የሆነ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ። ሁለት ዓመት በጎኑ አልፌ አላየሁትም ነበር። ዳገቱ ላይ ትንፋሼን ሰማሁ። ከንዴት ጋር ሲሆን ትንፋሽ አይሰማም። ከበደኝ፤ አልዋሽም፣ ከወትሮው እጥፍ ከበደኝ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ቆምኩ፣ አልተቀመጥኩም፣ ቀጠልኩ። በማግስቱም ወጣሁ፤ በማግስቱም። ምን እያሰብክ ነው የምትሄደው ብትሉኝ፣ ምንም። ሰዓቱ ሲደርስ እሄዳለሁ። ሰው የጥርስ መፋቂያ ሲያነሳ ማን ላይ ተቆጥቶ ያነሳል።

በሳምንቱ ገደማ ሮማናት ላይ አንድ ሰው ጋቢ ለብሶ፣ ሸራ ጫማ አድርጎ ቆሞ አየሁ። ተስፋልደት ነው።

«ልሰድብህ መጣሁ» አለኝ።

«ይስደቡ እሺ።»

«ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ፣ አጣሁ። ድሮ እንዲያው ይመጣልኝ ነበር።» ጋቢውን አስተካከለ። «ምሳ ላይም ጠፋህ።»

«በሳህን ነው የምበላው።»

«ያው ሳህንህን ይዘህ ና። እኔንም ሐኪሙ ስኳር አለብህ፣ ተራመድ ብሎኛል። ሁለት ወር ሆነው ካለኝ።»

«ሁለት ወር? እና ጥሕሎውን፣ ዘይቱን?»

«ብቻዬን ነዋ» አለ። «ብቻውን የሚጠነቀቅ ሰው ማን አለ።»

የምመልስለት ነበረኝ። ሁለት ዓመት ብቻዬን ተጠንቅቄያለሁ። ግን ብቻዬን አልነበርኩም፤ እሱ ነበር አብሮኝ የሚወጣው፣ ጋዜጣውን ይዞ። ይሄን አልነገርኩትም፤ ሁሉ ነገር አይነገርም። «እንሂድ» አልኩት።

በጥር ሁለተኛ ሳምንት ተመረመርኩ። ሰማንያ አንድ ኪሎ። ስኳሩ ከልኩ በታች ነበር፤ በጥቂት፣ በጣም በጥቂት። ነርሷ «ዘንድሮ ለጥቂት ነው ያመለጥከው» አለችኝ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ዳሰስኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገርም ምን ነካህ፣ ከሳህ ነው የሚሉኝ።

አሁን ቅዳሜ ሁለት ሳህን ይዤ ነው ተስፋልደት ቤት የምሄደው። ለሱ ሌላኛውን የሩትን የሕፃንነት ሳህን፣ ቢጫውን፣ ሰጥቼዋለሁ። ዳገቱን በየቀኑ እንሞክራለን። እሱ እንደ ተቀደደ ወናፍ እየተነፈሰ ይመጣል፤ ከኋላዬ ስሰማው ትንሽ ደስ ይለኛል፣ ይሄን ለቀሺ ገብረዝጊ በንስሐ ተናግሬዋለሁ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ «ቆይ ልረፍ» ይላል።

«እዚያ ላይ የተቀመጠ ይወፍራል» እለዋለሁ።

ይቀመጣል። እኔ አልቆምም። ጨርሼ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ፣ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል። ትናንት ግን ከድንጋዩ አሥር እርምጃ አልፎ ቆሞ አገኘሁት፣ መንገድ ዳር ያለ በለስ ይዞ ሊደገፍ ሲል እሾሁ ወግቶት። ነገ አሥራ አምስት እርምጃ አስኬደዋለሁ። ለሱ ብዬ አይደለም። እሱ ከቀረ፣ ሮማናት ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል ብዬ ማልጄ የምነሣለት ሰው አይኖረኝም።